እንቁላል መጣ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬ ጉንሳን ከተማ ውስጥ ያልዞርኩበት ሰፈር የለም። እንቁላሉ አለቀ። መኪናው ላይ የተቀዳው ድምፄ «እንቁላል መጣ! የዛሬ እንቁላል!» ሲል ይውላል፤ የኔ ሥራ መንዳት ብቻ። ሚስቴ ማልሱን ግን ዛሬም ተነጫነጨች። ስቀዳ ማቆሚያውን ሳልጫን ቀርቼ፣ መጨረሻው ላይ «ማልሱን፣ በላሽ?» ማለቴ አብሮ ገብቷል።
«አጥፋው አላልኩህም? የሰፈሩ ሴት ሁሉ በላሽ ወይ እያለ ይስቅብኛል!»
«ነገ።»
«ወይ ያንተ ነገ!»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ነገ አንጀቴን በካሜራ ሊያዩልኝ ነው። ማታ የምወስደው የሆድ ማጠቢያ ዱቄት ሰጡኝ። ነርሷ አወሳሰዱን ስታስረዳኝ... ለቀባሪው አረዱት! ምላስ ላይ መነስነስ፣ በውሃ ማውረድ። አባቴም የዱቄት መድኃኒት እንዲሁ ነበር የሚወስደው።

ጥቅምት 22
ዛሬ እጄ መጻፍ ቻለ። ዱቄቱ ውሃ ሲያገኝ አፌ ውስጥ ፈላ። ጉሮሮዬ ተቃጠለ፣ አበጠ... ትንፋሽ አጣሁ። ማልሱን ትጮኻለች፣ እኔ መጮህ አቃተኝ። አንገቴን ቀደው ቱቦ አስገቡ።
«አባባ፣ ይሄ እኮ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ፣ ግሎ ሲበርድ ነው የሚጠጣው» አለኝ ሐኪሙ።
አንጀቴን እስካሁን ማንም አላየውም። ሳቄ መጣ። ሳቄም ድምፅ የለውም።

ኅዳር 3
ቤት ገባሁ። መኪናውን አሁን ማልሱን ናት የምትነዳው። ከሰዓት ተኝቼ ሰማሁት... «እንቁላል መጣ!» ጤነኛ፣ ደስ ያለው ሰው። እየቀረበ መጥቶ በመስኮቴ ሥር አለፈ። ያ እኔ ከሆንኩ፣ ይሄ የተኛው ማነው?

ኅዳር 19
ቱቦው ሊወጣ ነው። «ድምፄስ?» ብዬ ጻፍኩለት ለሐኪሙ። «ምናልባት ሹክሹክታ» አለ።
ለማልሱንም ጻፍኩላት፦ «ያንን ቅጂ አጥፊው። ሌላ ሰው ይቅዳልሽ። እፈራዋለሁ።»
አንብባ ወረቀቱን ኪሷ ከተተችው። «ነገ» አለች።

ታኅሣሥ 2
ቱቦው ወጥቷል። ሹክሹክታውም አልመጣም።
ጠዋት ማልሱን ቁርስ ሳትቀምስ ወጣች። የአኩሪ አተር ሾርባዋን ይዤላት ወደ መኪናው ወረድኩ። ሞተሩ አልተነሳም። ድምፁ ዝቅ ተደርጎ ተከፍቷል። እንቁላል መጣ... የዛሬ እንቁላል... «ማልሱን፣ በላሽ?»
«አልበላሁም» አለችው።
ለሱ! እኔም ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ቀናሁበት፣ በራሴ ድምፅ።
ቅጂው ከመጀመሪያው ጀመረ። ሳህኑን ይዤ ቆሜ ጠበቅኩ። «በላሽ?» ሲላት በመስኮቱ አቀበልኳት።
ተቀበለችኝ። ዓይኗ ግን ማጫወቻው ላይ ነበር።