የታችኛው ክንፍ

ዘይነባዬ፣

ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ። የአውሮፕላኑ የታችኛው ክንፍ አጭር ነው። ይህን ያወቅኩት አንቺ ከመሞትሽ ሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ደብቄሽ ኖርኩ። ሰላምታውን ላስቀድም ብዬ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ይሄ እየቀደመኝ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። አሁንም ቀደመኝ። የአላህ ሰላምና እዝነት ባንቺ ላይ ይሁን።

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቤቱ እንደነበረ ነው ብል እዋሻለሁ። የጓሮ ቡናሽ ዘንድሮ ለቃሚ አጥቶ ፍሬው መሬት ላይ ደረቀ። ልጃችን ከማል ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ አንድ ደብዳቤ ብቻ መጣ፣ እሱም ያንቺን ደኅንነት የሚጠይቅ። መልስ አልጻፍኩለትም። ምን ብዬ ልጻፍ?

ያን ከኮሌጁ የመጣ መነጽራም መምህር መቼም አትረሺውም። ለአብዮት በዓል በቀበሌው አዳራሽ የሚሰቀል፣ ጣሊያን ይዞብን የመጣውን ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን በእንጨት ሥራልን ብሎ ፕላን አመጣልኝ። አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ሥዕል ነበር፤ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ የታየ። ወረቀቱ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነውን ዋንዛው ላይ አራት እያደረግኩ ሠራሁት። የፊቱ ሥዕል ሁለቱን ክንፎች እኩል ያደርጋቸዋል፤ እኔም እኩል ቆረጥኩ።

መምህሩ ሊረከበኝ በመጣ ቀን ውሃ ይዘሽልን ገባሽ። ቆም ብለሽ አየሽውና፣ «የታችኛው ረዝሟል፣ አባ ከማል» አልሽ። በጣሊያን ዘመን አባትሽ ከየቡ መንደር መጥቶ ያ አውሮፕላን በሚቆምበት ማረፊያ ሣር ያጭድ በነበረ ጊዜ፣ ዝናብ ሲጥል ትልልቆቹ ልጆች ከታችኛው ክንፍ ሥር ይሸጎጣሉ፣ አንቺ ቦታ ታጪና ከጫፉ ወጥተሽ ትቆሚያለሽ። ግን አትረጥቢም ነበር። የላይኛው አልፎ ይሸፍንሽ ነበራ። ይህንንም እዚያው ቆመሽ ነገርሽን።

እኔ ምን አልኩ? «ፕላን እያለልኝ በልጅ ትዝታ አልሠራም። ሴት ስለ አውሮፕላን ምን ታውቃለች?» መምህሩ ሳቀ። በር ላይ የቆሙትም ሳቁ። ውሃውን አስቀምጠሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲያ ሰው ስለ ማረፊያው ሜዳ ሲጠይቅሽ፣ «እኔ ምን አውቄ፣ አናጢውን ጠይቁት» ትይ ጀመር። ቀልድ መስሏቸው ይስቁ ነበር። የልጅነትሽን ወሬ እንደዚያ አድርጌ ዘጋሁት።

በዓመቱ ክረምት ጣሪያው አፍስሶ የሣጥኑን ዕቃ ሳወጣ ፕላኑን ዘረጋሁት። ከላይ በታየው ሥዕል ውስጥ የነጠብጣብ መስመር አለ። ከሦስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው፣ ስሠራ ክንፉ የተለበጠበት ጨርቅ ስፌት መስሎኝ ነበር። ለካስ ከላይኛው ሥር የተሸፈነው የታችኛው ክንፍ ኖሯል፤ በሁለቱም ጎን አጭር። ማስመሪያ አምጥቼ ደጋግሜ ለካሁ። ያው አንድ ወረቀት ከፊት እኩል ነው ይላል፣ ከላይ አጭር ነው ይላል። ከሁለቱ ሥዕሎች አንዱ ስቷል። የትኛው እንደሆነ ሊፈርድ የሚችል፣ ሥሩ የቆመ ሰው ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ማድቤት ውስጥ፣ ስጠራሽ በምትሰሚበት ነበርሽ። ወረቀቱን አጣጥፌ ከሣጥኑ ሥር መለስኩት።

ስትታመሚ፣ እንደ ደንባችን፣ «አውፍ ይበሉኝ፣ አባ ከማል» አልሽኝ። አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ አልኩሽ። ቀጥለሽ፣ «ያን ጊዜም ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል፤ ልጅ ነበርኩ እኮ» አልሽ። የቱን እንደምትይ ገባኝ። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «አርፈሽ ተኚ» አልኩሽ። የራስሽን ዓይን ተጠራጥረሽ ሄድሽ፤ እኔም አውፍ በይኝ ሳልልሽ ቀረሁ።

አምስቱንም ወቅት እሰግዳለሁ። ማረኝ እላለሁ። ግን የሰው ሐቅ ባለሐቁ ይቅር ካላለ እንደማይነሳ ከልጅነቴ ተምሬያለሁ፤ ባለሐቋ አንቺ ደግሞ ከአፈር በታች ነሽ። የማደርገው ነገር ወደ አንቺ እንደማይደርስ አውቃለሁ። አለመርሳት ብቻ ነው በእጄ የቀረው። ስሜ እስኪጠራ ድረስ ያን ዝናብና ያን ክንፍ አልረሳልሽም።

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ መጋዜን ይዤ ወደ አዳራሹ ሄድኩ። መምህሩ ወደ ሌላ አገር ከተዛወረ ቆይቷል፤ ከሳቁት ግማሹ ዘምቷል፣ ግማሹ ሞቷል። አውሮፕላኑ አቧራ ለብሶ ተንጠልጥሏል። ዘበኛው፣ «ማን ያየዋል ብለው ነው፣ አባ ከማል?» አለኝ። እውነቱን ነው። መሰላል አስደግፌ አወረድኩትና የታችኛውን ክንፍ በየጎኑ አራት አራት ጣት ቆረጥኩለት። ምን ሆነው ነው ደህናውን ሥራ የሚያበላሹት ሲለኝ፣ ባለቤቴ ነግራኝ ነበር አልኩት፤ መልሼም ሰቀልኩት።