መሰላሉ ከየት እንደመጣ

ለምወድዎት እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎትስ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገዎት? እኔ አለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራም ገብቻለሁ። ሰው ሲያየኝ "በርትታለች" ይላል። መበርታት አይደለም፤ ምንም አይሰማኝም።

ደብዳቤዎት ደርሶኛል። "ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከፍታ ይፈራል፤ ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል እንኳ አይቀይርም። መሰላል ከየት አገኘ?" ብለው ጠይቀውኛል። እመልስልዎታለሁ። አስቀድሜ ግን ቤታችን ጣሪያ ላይ የወደቀው ዛፍ እንዴት እንደተነሳ ልንገርዎት።

ያነሳው ያ "ሐሙስ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው" ብሎን የነበረው ዛፍ ቆራጭ ነው። ሐሙስ ሳይደርስ የሆነው ሆነና፣ ከልጅዎት ቀብር አሥር ቀን በኋላ መጣ። ሠፈርተኛው "ቀስ በል" ብሎ ይጠራዋል፣ ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ስለሆነ። እውነትም ሲሠራ ላየው ሰው ሕፃን ሊያስተኛ የመጣ ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ መብራት አስቆረጠ። ከዚያ መኝታ ቤታችን ገብቶ ኮርኒሱን ከሥር በአራት ቋሚ እንጨት ደገፈው። ቆርቆሮው ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልረገጠም። ከግቢው በኩል የብረት መወጣጫ ተከለና ወገቡን በገመድ አስሮ፣ ክብደት ያልያዙትን ትናንሽ ቅርንጫፎች እየቆረጠ አንድ በአንድ በገመድ አወረደ። "ጎብጦ የተወጠረውን ቅርንጫፍ በአንዴ አይቆርጡትም፤ ትንሽ በትንሽ ነው የሚያላሉት። አለዚያ ተፈናጥሮ ሰው ይመታል" አለኝ። አልጠየቅኩትም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ግማሹ በመጋዝ የተቆረጠ፣ ግማሹ የተገነጠለ ቅርንጫፍ ጋ ደረሰ። ይሄን ማን ነካው ሲል ባለቤቴ ነው አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀና ሥራውን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን፣ ግንዱ ሲቆረጥ የተነቀለው ሥር ክብደቱ ቀሎለት ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይወድቅ በሰንሰለት አሰረው። ግንዱም ወረደ። ሌላ ቆርቆሮ አልተቀደደም፣ ሰውም አልተነካ። ቆሜ እያየሁ፣ ለካ እንዲህ ነው የሚነሳው አልኩ።

ዛፉ በወደቀ ሰሞን ዝናቡ አልጋችን ላይ ይወርድ ነበር። ልጅዎት ባልዲ እየቀያየረ "ሐሙስ ቅርብ ነው፣ እንጠብቀው" ይለኝ ነበር። እኔ የመለስኩለትን ወረቀት ላይ ማስፈር አልችልም። ለቅሶ ላይ ሁሉም "እልኸኛ ነበር፣ ማን ይመልሰው" ሲሉ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። እልኸኛ እንዳልነበር እርስዎም እኔም እናውቃለን።

እንግዲህ መሰላሉ። እኛ ቤት መሰላል የለም። ያለው ጎረቤታችን አናጢው ጋ ነው፤ እሱና ልጅዎት ደግሞ በአጥር ተጣልተው ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አይባባሉም ነበር። ዛፉ በተነሳ ማግስት መሰላሉን ተሸክሜ ልመልስ ሄድኩ። አናጢው በሩ ላይ ተቀበለኝና፣ "ያን ለታ ስትመጪ፣ መታረቂያ ሆነልን ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የሰጠሁሽ። ምነው እጄን በቆረጠው" ብሎ አለቀሰ። እኔ እንባ አልመጣልኝም። መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተመለስኩ።

ጣሪያው ተጠግኗል፤ አሁን አያፈስም። የልጅዎትን ሹራብ አጥቤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጥዎት፣ ልብዎትንም ያሳርፍልዎት። መልስ ባይጽፉልኝም አልቀየምም።

እንደ ወትሮው "ልጅዎት" ብዬ ልፈርም ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

የልጅዎት ሚስት