ሃርት አታክ አይደለም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ከነባለቤትህ እንዴት ሰነበትክልን? ባለህበት ጤና ይክበብህ። እኛ ጮቤ ረግጠናል፤ ሃርት አታክ አይደለም!

ባለፈው ሳምንት አባዬ የሠሩትን ቁም ሣጥን ወደ ደንበኛ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ሲያወጡ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸውና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አረፍ ሲሉ ተዋቸው፤ እኔ ግን ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው።

"አንጃይና ነው" አለች ሐኪሟ። "የልብዎ ደም ሥር ጠቧል። ሲደክሙ ልብዎ ደም ያጥረውና ያምዎታል፣ ሲያርፉ ይለቅዎታል። ሃርት አታክ ግን ሥሩ ሲደፈን ነው፤ የልብ ሥጋ ይሞታል፣ ዕረፍትም አያስታግሰውም። እንዲሁ ቁጭ ባሉበት ከመጣብዎት ሰዓት ሳይፈጁ ይምጡ።"

አባዬ ሳቁ። "ታዲያ ልቤ ማስጠንቀቂያ ጻፈልኝ እንጂ ከሥራ አላባረረኝም በይኛ!" ሐኪሟም ሳቀች፤ ከምላስ ሥር የሚቀመጥ ኪኒን ሰጠቻቸው። ወንድምዬ፣ ደስታዬ ወደር አጣ! ከጎረቤት ያልነገርኩት ሰው የለም።

ዛሬ ጠዋት ቁጭ ብለው ጋዜጣ እያነበቡ ሳሉ እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ። "ምነው አባዬ?" ስላቸው "ሸሚዙ ጠቦኝ ነው" አሉኝ። ሸሚዙ አንተ ትተኸው የሄድከው፣ ለሁለት ሰው የሚበቃው ነው። ኪኒናቸውን ሰጥቼ ታክሲ ጠርቻለሁ፤ ሐኪሟ ደግማ ብታያቸው ምን ይጎዳል?

ታክሲው እስኪመጣ ነው ይህቺን የምጨርሰው። አባዬ ኮታቸውን ለብሰው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ "እህል እንዲበላ ንገሪው" ይሉሃል። ዕረፍትህን ወሩ ሲያልቅ እወስዳለሁ ብለህ አልነበር? ነገ ብታደርገው ቤቱ እንዴት ይደምቅ ነበር!

በደህና ያገናኘን።

የምትናፍቅህ ታናሽ እህትህ