ጣቴና የቀለመ ወርቅ ጽዋ

ጥቅምት 8
ብርድ። ጠዋት ድጓ አስተማርኩ። ከሰዓት ለራሴ ከምገለብጠው ድጓ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ግማሽ ብቻ! ጣቶቼ ከእንቅልፍ ስነሣ ደርቀው እስከ ረፋድ አይታጠፉም። መጽሐፉ ሳያልቅ እጄ ቢቀርስ? ንፋስ መውጫ ያለው ሐኪም "የሰውነትዎ መከላከያ የራስዎን መገጣጠሚያ እያጠቃ ነው" ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ራሴን? ራሴን ምን በደልኩት? የሰው እጅ አለበት...

ጥቅምት 12
የሚካኤል ማኅበር፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ቤት። ሃያ ዓመት በአንድ ደብር አብረን አገልግለናል። ዛሬ ጽዋውን ሲያቀብለኝ እጁን በጋቢው ጠቅልሎ! ከመስቀል ወዲህ ለሰላምታም እጁን አይዘረጋልኝም። ምን ይደብቃል? ጣቴ የጀመረኝም እሱ ቤት ተዝካር በልቼ በሳምንቱ ነው። ከንፈሬን አስነክቼ መለስኩለት።

ጥቅምት 13
ቀለመ ወርቅ መተት ሳያሠራብኝ አልቀረም ብዬ ለላቀች ነገርኳት። ሚስት ናት፣ ለማን ልንገር? "ለሰው ትንፍሽ እንዳትይ" አልኳት።

ኅዳር 6
የእህቴ ልጅ አዜብ ከጎንደር መጣች። ስለ እኔ ዓይነት በሽታ ታጠናለች። ደም ስጡኝ አለች።
"ደሜ ምን ያደርግልሻል?"
"ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ አሉ፣ አጎቴ። ጥቃቅን ናቸው። ሴሉ ውስጥ ያለው መልእክት እንዳይነበብ ዝም ያሰኛሉ።"
ከድጓው ቃል በላይ ያለውን ምልክት አሳየኋት። ራሱ ቃል አይደለም። ግን ቃሉን አንሣ፣ ጣል፣ ቁረጥ የሚለው እሱ ነው። "እንዲህ?" አልኳት። "ይቀርባል!" ብላ ሳቀች። እንደኔ ባለው በሽተኛ፣ አለች፣ አንዳንዱ ይበዛል፣ አንዳንዱ ያንሳል። ያኔ የሰውነት ዘበኛ በቃህ የሚለው አጥቶ የቤቱን ሰው ይደበድባል... መነሻው ይኸ ነው ወይ ብላት፣ "ገና እየተጠና ነው" አለች።
ጥሩ ተናገረች። ግን ደሜ የት ነው የሚሄደው? ሁለቴ ጠየቅኋት። ሦስተኛ ልጠይቅ ስል ላቀች ቆነጠጠችኝ። ሰጠሁ። ክኒኑን ሳላቋርጥ እንድውጥም አስማለችኝ። እስካሁን መች በደንብ ወሰድኩት?

ኅዳር 7
አዜብ ለማነጻጸሪያ የእኔ እኩያ የሆነ ጤነኛ ሰው ትፈልጋለች። ቀለመ ወርቅን ጠቆምኩላት። ንጹሕ ከሆነ ምን ያስፈራዋል? ሄዳ ተመለሰች።
"እሳቸው አይሆኑም።"
"ለምን?"
"ራሳቸውን ይጠይቋቸው።"
እሷንም በእጁ አስገባት!

ኅዳር 12
ማኅበር፣ አድማሱ ቤት። ቀለመ ወርቅ ጠጥቶ ጽዋውን ሲያቀብለው አድማሱ አልነካም። ከጎኑ የተቀመጠው ማኅበርተኛ ይታየውም ጽዋውን ዘለለው። ወሬው ወጥቷል። ቤት ገብቼ ላቀችን አፋጠጥኳት... "ለእህቴ ብቻ ነው" አለች። ቀለመ ወርቅ እዚያ ጽዋውን እንደያዘ ቀርቶ ነበር። ደስ አለኝ? ትንሽ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 12
ቀለመ ወርቅ ማኅበር አልመጣም። ማኅሌት ከቆመም ሦስት እሑድ አለፈው።

ታኅሣሥ 27
ዛሬ ጠዋት ጣቴ ታጠፈ። ክኒኑን በወጉ ከዋጥኩ ሰባት ሳምንት ሆነኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ! መተት ክኒን ይፈራል እንዴ? ካልፈራስ... ቀለመ ወርቅን በከንቱ አምቼው ይሆን?

ጥር 2
ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ሐረገ ወይን እያጎረሰችው ደረስኩ። ጋቢው ወርዷል። አንጓዎቹ አብጠዋል፣ ጣቶቹ ወደ ጎን ዞረዋል። ከእኔ ይብሳል። ጸናጽል መያዝ ካቃተው ቆይቷል። "ከማኅሌት እንዳያስቀሩኝ ብዬ ደበቅሁ" አለ። አዜብንም ለማንም እንዳትናገር አስምሏት ኖሯል።
አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።
"ወሬው የወጣው ከእኔ ነው፣ ቀለመ ወርቅ" አልኩት።
ሐረገ ወይን ሳህኑን ይዛ ወጣች።
"ሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠርጥሬያለሁ" አለ። "አድማሱን። ይታየውን። የገዛ ወንድሜን እንኳ። አንተን ግን አልጠረጠርኩም።"