የሚፈርሰውን ቤት ጣራ የጠገኑት አቶ ንጉሤ ፋንታዬ

አቶ ንጉሤ ፋንታዬ ከአባታቸው ከአቶ ፋንታዬ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አመለወርቅ አበበ በ1928 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ ሰላሌ ፍቼ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የመንገድ ሥራ ካቦ ስለነበሩ ቤተሰቡ አንድ ቦታ ከርሞ አያውቅም፤ መንገዱ ወደሄደበት ድንኳኑም ይሄዳል። ስለዚህ አቶ ንጉሤ ፊደል የቆጠሩትም፣ ዳዊት የደገሙትም በየደረሱበት ደብር ነው። ኋላ ሰው «የየት ደብር ልጅ ነዎት?» ሲላቸው «ጣራው የማያፈስ የትኛውም ደብር» ብለው ይስቁ ነበር።

ቤተሰቡ አዲስ አበባ ጉለሌ ሲሰፍር እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው በ1946 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤቱ የውሃ ክፍል በረዳትነት ተቀጠሩ፤ ወደ ሠላሳ ዓመት ያህል ቧንቧ ሲቀጥሉና ሲደፍኑ ኖሩ። የጎረቤት ቧንቧ በነፃ ይሠሩ ነበር፤ ነገር ግን ከእሳቸው በፊት የሠራውን ሰው ሳይሰድቡ መፍቻ አያነሡም።

በ1955 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሀረገወይን ዘነበ ጋር በተክሊል ተጋብተው ኤርምያስንና እድላዊትን ወለዱ። ኤርምያስ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ በ1975 ዓ.ም.፣ ከጓደኞቹ ጋር በመተማ በኩል በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። ወላጆቹ እድላዊትን ይዘው ተከተሉት፤ ገዳሪፍንም ካርቱምንም ጠየቁ፤ አላገኙትም። የስደተኝነት ጉዳያቸው ሲያልቅ ያለ እሱ አውሮፕላን ተሳፈሩ። ወ/ሮ ሀረገወይን ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ዞረው የመግቢያውን በር ሲያዩ፣ በሩ እስኪዘጋም ዐይናቸውን ሳይነቅሉ እንደቆዩ እድላዊት እስከ ዛሬ ታስታውሳለች።

ቤተሰቡ ኦክላንድ የገባው እንደዚህ አገር አቆጣጠር በ1986 ነው። አቶ ንጉሤ መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነው ተቀጠሩ። ከሚቀመጡባት የመስታወት ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ያ ካቴድራል ነበር።

ስለ ካቴድራሉ ትንሽ መናገር ግድ ነው፤ የአቶ ንጉሤን ሕይወት ያለ እሱ መተረክ አይቻልም። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ የካቶሊክ ምእመናን በጎቲክ አሠራር ያነጹት፣ ቅስቶቹ ሁሉ ወደ ላይ የሾሉ፣ ማማው ለብቻው ደመና ውስጥ የገባ የሚመስል ቤት ነበር። ባለቤቶቹ ደጎች ናቸውና የጎኑን ጸሎት ቤት ለእኛ ጉባኤ አውሰውት ነበር። እዚያ ከመቅደሱ በላይ፣ ሚዛን የያዘ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ያለበት ባለ ቀለም መስኮት ነበር። አቶ ንጉሤ መጀመሪያ ሲያዩት «እሱም ስደት ወጥቷል እንዴ?» ብለው ነበር። ከመስኮቱ አጠገብ ጣራው ያፈስ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ዲያቆኑ ባልዲ ያስቀምጣል።

ወ/ሮ ሀረገወይን በካንሰር ታመው በ1988 መጀመሪያ ላይ ዐረፉ። አርባቸው የወጣው በዚያ ጸሎት ቤት ነው። ዕለቱ ዝናብ ነበር፤ ባልዲውንም በለቅሶው መሀል ያስታወሰው ሰው አልነበረም። ውሃው አቶ ንጉሤ ትከሻ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይል ጀመር። ፈቀቅ ይበሉ ቢባሉ እምቢ አሉ። ቀና ብለው መስኮቱን እያዩ፣ አጠገባቸው የቆሙት እስኪሰሙ ድረስ «ቅዱስ ሚካኤል፣ እናቱ ሳታየው ሄደች። እኔን ካሳየኸኝ ይኼን ፍሳሽ በገዛ እጄ እደፍናለሁ» ብለው ተሳሉ።

በሚቀጥለው ዓመት በጥቅምት መሬት ተናወጠች። የካቴድራሉ ግንብ ተሰነጠቀ፤ የማማው ራስ ተዛነፈ። በሩ ላይ መግባት የሚከለክል ቀይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ዙሪያውን የሽቦ አጥር ተከበበ። ጉባኤውም ታቦቱን ይዞ ሳን ሆዜ አዳራሽ ተከራየ። አቶ ንጉሤ ግን ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባታቸው በፊት መንገዱን ተሻግረው አጥሩን ይሳለሙ ነበር። የሥራ ጓደኞቻቸው ሽቦ የሚስም ሰው አይተን አናውቅም ብለው ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1991 ስልክ ተደወለ። ኤርምያስ በሕይወት አለ። ከሱዳን እስር ቤት ወጥቶ የሰው እርሻ ላይ ሲሠራ አንድ የሠፈር ልጅ አግኝቶት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ኤርፖርት ሲቀበሉት አቶ ንጉሤ አቅፈው ስመውት፣ አልቅሰው፣ ዕንባቸውን ሳይጠርጉ «ስለት አለብን» አሉት።

እንግዲህ ጭንቀታቸው የጀመረው ያኔ ነው። ስለቱ ደርሷል፤ ማስገቢያው ተዘግቷል። ያልገባ ስለት የተሰጠውን መልሶ ይወስዳል የሚል ፍርሃት ልባቸው ውስጥ ገባ። ኤርምያስ ታክሲ መንዳት ከጀመረ ወዲህማ ባሰ። ትንሽ ከቆየ የታክሲ ድርጅቱ ጋ ይደውላሉ፤ ድርጅቱ ካላነሣ እድላዊት ጋ ይደውላሉ። እድላዊትም «ዳድ፣ ፕሊዝ፣ ሂ ኢዝ ዎርኪንግ!» ትላቸዋለች። እሳቸው ግን «አሁኑኑ ኮል ያድርግልኝ በይው» ይላሉ፤ ሳይደወልላቸው አይተኙም።

የነፍስ አባታቸውን ቀሲስ ገብረ ሥላሴን አማከሩ። ቀሲስም በእርጋታ «አቶ ንጉሤ፣ ስለቱ ለሚካኤል ነው፤ ለግንቡ አይደለም። ታቦቱ ሳን ሆዜ አለ። አንድ ጥሩ ጃንጥላ ያስገቡና ይረፉ» አሏቸው።

«አባቴ፣ እኔ ጃንጥላ አልተሳልኩም» አሉ አቶ ንጉሤ። «ጃንጥላማ ያስፈለገው ጣራው ስላፈሰሰ ነው።»

ቀሲስ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው «እንግዲያውስ እግዚአብሔር በሩን ይክፈትልዎ» ብለው መረቋቸው።

በሩ ግን አልተከፈተም። የሕንፃውን ባለቤቶች በትህትና ጠየቁ፤ ኢንሹራንሱ አይፈቅድም፣ ሰው ላይ ቢወድቅስ ተባሉ። በ1994 ኤርምያስን ሽጉጥ ደቅነው ዘረፉት። ጉዳት አልደረሰበትም፤ አባትየው ግን እህል አስጠላቸው። «ማስጠንቀቂያ ነው» አሉ። ኤርምያስም ተናዶ «አባዬ፣ ይሄ ኦክላንድ ነው፤ የዘረፈኝ ሚካኤል አይደለም!» አላቸው። ይህን ያለበትን ቀን እያነሣ ኋላ ብዙ አዝኗል።

እንደ አጋጣሚ በ1996 መጸው የካቴድራሉ ምድር ቤት ውስጥ የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። የሕንፃው ጠባቂ ፊሊፒናዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ ከአቶ ንጉሤ ጋር ለዓመታት በአጥሩ በኩል ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር። ውሃው ሲያይልባቸው መንገዱን ተሻግረው መጡ። አቶ ንጉሤ ገብተው ቧንቧውን ዘጉላቸው። ሽማግሌው ሊከፍሏቸው ቢሞክሩ ገንዘቡን መልሰው ጣታቸውን ወደ ጣራው ቀሰሩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ምን ብለው እንዳስረዷቸው አይታወቅም፤ ሽማግሌውም ሚካኤልን የሚወዱ ሰው ነበሩና ገባቸው። ሁለት ሄልሜት ይዘው መጡ።

አቶ ንጉሤ ያንን ቤት ከውስጥ እንዴት እንዳገኙት ለቤተሰባቸው ደጋግመው ተርከዋል። ወንበሮቹ ወጥተዋል፤ የቆሙበት ቦታ ወለሉ ላይ እንደ ጠባሳ ቀርቷል። በትልቁ ክብ መስኮት ላይ ጣውላ ተመቶበት በቀዳዳው የምትገባው ብርሃን አንዲት ቀጭን ክር ናት። ቤቱ የርግብ ኩስና የእርጥብ ኖራ ይሸታል። ከምሰሶው ራስ ተነሥተው እንደ ጎድን አጥንት ጣራውን የሚያቅፉት ቅስቶች እዚህም እዚያም ተገምሰዋል። አቶ ንጉሤ በተገመሰው በኩል አሻቅበው ሲያዩ፣ ለዓመታት ድንጋይ ነው ብለው ሲያከብሩት የኖሩት ጣራ በቀጫጭን እንጨት ላይ የተለጠፈ ኖራ ሆኖ አገኙት። ምሰሶውን በጣታቸው አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። ያን ቀን ማታ ለኤርምያስ «ያ ቤት እኮ እንደኛው ነው» አሉት፤ «ጠንካራ መስሎ ነው የቆመው።»

ጸሎት ቤቱም እንደዚያው ነበር። ባልዲው ዝጎ እዚያው አለ። የሚካኤል መስኮት ግን አልተሰበረም። አቶ ንጉሤ ከጠብታው ቦታ ተነሥተው በግድግዳው ላይ ቡናማ የሆነውን የውሃ መንገድ ተከተሉ። መንገዱ ቅስቱን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ጠምዛዛውን ደረጃ፣ ከዚያ ከኖራው በላይ ያለውን ጨለማ የእንጨት ጫካ። መጨረሻው የጸሎት ቤቱ ጣራ ከትልቁ ግንብ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። አሸንዳው በርግብ ጎጆ ተደፍኗል፤ መገጣጠሚያውን የሸፈነው የእርሳስ ንጣፍም ተቀዷል።

ለሥራው ኤርምያስን ይዘውት ሄዱ። ላሜራ፣ ካትራምና የመበየጃ ስታኞ ተሸክመው አንድ ቅዳሜ ወጡ። አባት ወገባቸውን በገመድ ታስረው አሸንዳው ላይ ተጋድመዋል፤ ልጅ ገመዱን ይዞ ከጣራው ሥር ያለችው መውጫ መስኮት ጋ ቆሟል። ንፋሱ ከአላሜዳ ደሴት በኩል ይመጣል።

«አባዬ፣ ይሄ ቤት እኮ በስፕሪንግ ይፈርሳል! ፐርሚቱ ወጥቷል!»

«ገመዱን ያዝ።»

«ለሚፈርስ ቤት ጣራ ብለህ ልትሞት ነው?»

«አይፈርስም ብዬ አልተሳልኩም፤ እደፍናለሁ ነው ያልኩት። ገመዱን ያዝ አንተ! ይኼን ደግሞ የትኛው ጅል ነው የበየደው፣ እስቲ እየው...»

ኤርምያስ አባቱ ስድብ ሲጀምሩ ሥራው እየገፋ መሆኑን ያውቃልና ገመዱን አጥብቆ ያዘ። አቶ ንጉሤ ከሰዓት በኋላ ሲወርዱ ፊታቸው በካትራምና በርግብ አቧራ ጠቁሮ ነበር፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ ሳል አጣደፋቸው።

ከዚያ ዝናብ ጠበቁ። በታኅሣሥ መጣ፤ ብርቱ ዝናብ ነበር። ሽማግሌው ጠባቂ ስልክ ደወሉ፤ አባትና ልጅ ሄዱ። በትልቁ አዳራሽ ውሃ በየስንጥቁ ይወርዳል፤ ወለሉ ሐይቅ ሆኗል፤ ርግቦቹ በየቅስቱ ተኮራምተዋል። አቶ ንጉሤ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ገብተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በባለቤታቸው አርባ ቀን የቆሙባት ቦታ ላይ ቆሙ። ውጭ ያለው ዝናብ ያስፈራ ነበር። ኤርምያስ የአባቱን ትከሻ ሲያይ ቆየ። ደረቅ ነው።

አቶ ንጉሤ አማተቡና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «በቃ» አሉት። «ከእንግዲህ እንደ ልብህ አምሽ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ታክሲ ድርጅቱ ጋ ደውለው አያውቁም።

በ1997 ጸደይ የሚካኤል መስኮት ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ ተወሰደ፤ ካቴድራሉም ፈረሰ። መቶ ዓመት የቆመው ቤት አቧራ ሆነ። አቶ ንጉሤ ከመስታወት ቤታቸው ወጥተው እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ። አላለቀሱም። ማታ እድላዊት ደውላ «አር ዩ ኦኬ?» ስትላቸው «አላፈሰሰም» ብቻ ነው ያሏት።

ያ ሳል ግን አልለቀቃቸውም። በዚያው ዓመት መጸው ሳንባቸው መጎዳቱ ተነገረ። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ብዙ አድርገው ቆጠሩ፤ ኤርምያስ ግን የርግቡን አቧራ አልረሳውም። ይህን ለአባቱ ቢነግራቸው «ስለት በነፃ ነው ያለህ ማነው?» ብለው ተቆጡት።

ሁላችንም እንደምናውቀው የዘንድሮው ዝናብ ፋታ የለውም። አቶ ንጉሤ በሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው መስኮቱን ሲመታ ይሰሙት ነበር። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ዐይናቸውን ገልጠው «ኤርሚ፣ እዚያ ያፈሳል እንዴ?» ብለው ጠየቁ። መድከማቸው ካቴድራሉ መፍረሱን አስረስቷቸው ነበር። ኤርምያስ ያን ጠዋት በታክሲው በዚያ አልፏል። የቀረው የታጠረ ባዶ ሜዳ ነው፤ ውሃ አቁሯል፤ ላዩ ሰማይ ብቻ ነው።

«አያፈስም፣ አባዬ» አላቸው። እውነቱን ነው፤ የሚያፈስ ጣራ የለም።

እሳቸውም «ጎበዝ» ብለው እጁን ይዘው ተኙ። አቶ ንጉሤ ፋንታዬ የካቲት 10 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.፣ በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው በአጠገባቸው እያሉ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ከኋላቸው ልጃቸውን ኤርምያስ ንጉሤን፣ ልጃቸውን እድላዊት ንጉሤን፣ የልጅ ልጃቸውን ሊሊን፣ እንዲሁም በየቤቱ የጠገኑት ቧንቧ ዛሬም ደኅና የሚሠራላቸውን ብዙ ወዳጆች ትተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ከባለቤታቸው መቃብር ጎን ይፈጸማል።

የሰውን ሁሉ ደጅ የሚያውቅ አምላክ፣ አጥር ስመው የኖሩትን አገልጋዩን በሩን ከፍቶ ይቀበላቸው። ቅዱስ ሚካኤል በሚዛኑ አንድ ወገን ያችን ደረቅ ትከሻ ያኑርላቸው። ወ/ሮ ሀረገወይን ዐይናቸውን ሳይነቅሉ ያዩት በር፣ እሳቸው የሚገቡበት ይሁን። ነፍሳቸውን እጅ ባልሠራው፣ መሬት በማያናውጠው ቤት ያሳርፍልን። አሜን።