ጋሽ ጨለማ እና አርባዎቹ የእጅ ባትሪዎች

ሁላችንም ጋሽ ጨለማ እያልን የምንጠራቸው የብረት ቀለም ባለሙያ ከብስክሌት ጠጋኙ አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። እናታቸው «ይሄ ልጅ ከወተት በፊት የቀለም ሽታ ነው የለመደው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ከሙያ ትምህርት ቤት በብረታ ብረት ሥራ ተመርቀው፣ ቁም ሣጥን በሚያመርት ፋብሪካ የቀለም ክፍል ሃያ ዓመት አገለገሉ። በ1973 ዓ.ም. የኬሚስትሪ መምህርት ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

በ1988 ዓ.ም. የራሳቸውን ወርክሾፕ ከፍተው፣ የእጅ ባትሪዎችን በጨለማ የሚያበራ የዱቄት ቀለም በትዕዛዝ መቀባት ጀመሩ። ዱቄቱ በብረቱ ላይ ተነፍቶ በምድጃ ይጋገራል። እንዲህ የተቀባ ባትሪ ብርሃን ከጠጣ በኋላ አምፖሉ ቢጠፋ እንኳ አካሉ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ከሥሩ ነጭ ቀለም ካልተቀባ ግን ድምቀቱ ቶሎ እንደሚከዳ ያስተማሯቸው ባለቤታቸው ናቸው። ስለዚህ ጋሽ ጨለማ መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ የሚያበራውን ይቀቡና እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻው ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተው ይፈትኑ ነበር።

ይህን ደንባቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ጣሱ። በ2001 ዓ.ም. የከተማውን የውኃ መውረጃ ዋሻ ለሚጠግኑ ሠራተኞች መቶ ሃያ ባትሪ ታዘዙ። ወንድ ልጃቸውም ከሠራተኞቹ አንዱ ነበር። ዋሻው በውኃ ከመሞላቱ በፊት ሥራው ማለቅ ስለነበረበት ጥድፊያ ሆነ። ባትሪዎቹን አንድ በአንድ መፈተኑን ትተው በመደርደሪያ እንዳሉ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስገቧቸው። ሁሉም አንድ ላይ ሲያበሩ ቁም ሣጥኑ ደመቀ፤ የደከመው ከበረታው አልተለየም። ጋሽ ጨለማም ደስ ብሏቸው አስረከቡ።

በማግስቱ ጠዋት ወርክሾፑን ሲጠርጉ ሁለተኛው የነጭ ቀለም ጣሳ እንደታሸገ አዩት። አንዱ ጣሳ የሚበቃው ለሰማንያ ባትሪ ነው። መጥረጊያውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። አርባዎቹ ባትሪዎች ከሥራቸው ነጭ አልነበራቸውም።

ሽርጣቸውን ሳያወልቁ ዋሻው በር ድረስ ሄዱ። አሥራ ሁለት ሰዎች ከገቡ ሁለት ሰዓት አልፏቸዋል።

«ጋሼ፣ ባትሪዎቹ እኮ በደንብ ይበራሉ» አሏቸው የሠራተኞቹ አለቃ።

«ሲበራማ ማንም ያየዋል። የእኔ ሥራ የሚጀምረው ከእጅ ወድቆ ሲጠፋ ነው። ሰዎቹን አስወጣልኝ።»

«ሥራ አስቁሜ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ቀለም ቀቢው ተሳሳተ ብለህ ጻፍ። ስሜንም ጨምርበት።»

ደወሉ ተደወለ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ጋሽ ጨለማ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። አሥራ አንድ ላይ ቆጠራው ቆመ። ያልወጣው የእሳቸው ልጅ ነበር። ሁለት ጓደኞቹ ሊፈልጉት ተመለሱ። አለቃው ወንበር አምጥተው «ይቀመጡ እንጂ» ቢሏቸው አልሰሟቸውም። አርባ ደቂቃ ሙሉ ዓይናቸውን ከዋሻው አፍ ላይ አልነቀሉም።

ልጃቸው በመጨረሻ የጓደኛውን ቀበቶ ይዞ፣ እስከ ወገቡ ረጥቦ ወጣ። ባትሪው ውኃ ውስጥ ወድቆ ጠፍቶበት፣ አንድ እርምጃ እንኳ መራመድ ፈርቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«አባዬ፣ ሥራህን በዓይኔም በእጄም ፈልጌ አጣሁት» አላቸው።

ጋሽ ጨለማ የቀሩትን ሠላሳ ዘጠኙን ለይተው መልሰው ወሰዱ፤ ቀለማቸውን ፍቀው እንደ አዲስ ቀቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ ባትሪ ጋር ራሳቸውም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብተው በር እየዘጉ፣ አሥር ደቂቃ ዓይናቸውን ጨፍነው ከቆዩ በኋላ ይመለከቱ ነበር። ደንበኛ መጥቶ ሲጠይቅ የወርክሾፑ ሰዎች «ጨለማ ውስጥ ናቸው» ይሉ ስለነበር ቅጽል ስማቸው በዚያው ጸና። ውኃ ውስጥ የቀረውን ባትሪ ልጃቸው ዋሻው ሲደርቅ አግኝቶ አመጣላቸው። ጋሽ ጨለማ እሱን እንደ አዲስ ሳይቀቡት ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡት፤ «ተቆጣጣሪዬ ነው» ይሉት ነበር።

ባለፉት ሁለት ዓመታት በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከረፋዱ በአራት ሰዓት በስልሳ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ጠዋት መጋረጃውን አስዘግተው፣ ልጃቸውን «እዚያው ነህ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ልጃቸውም «እዚሁ ነኝ፣ አባዬ» ብሎ እጃቸውን ያዘ። እስኪያርፉ ድረስም አልለቀቀውም።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ በሐዘን ይሸኟቸዋል። ሰው በጨለማ ብቻውን እንዳይቀር ሲደክሙ የኖሩትን አባት፣ ዛሬ ብቻቸውን በሚሄዱበት መንገድ ፈጣሪ በብርሃኑ ይቀበልልን።