የትንፋሽ መስታወት

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ምራቴ ለምልሽ፣ ግን ልጄ ለሆንሽው፤

ስልክ ስደውል ድምፄን ስትሰሚ ታለቅሺና ትዘጊዋለሽ። ደብዳቤ ግን ቢያስለቅስም አይዘጋም። ተናደሽ ብትወረውሪው እንኳ ማታውን ፈልገሽ ታነሺዋለሽ፤ ጠባይሽን አላጣውም። ስለዚህ ዛሬ ሱቄን ዘጋሁ፤ ክርና ቁልፍ የፈለገ ነገ ይምጣ ብዬ እዚህ መስኮቱ ስር ተቀምጫለሁ። ጽሕፈቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ መስመር ሲስት ታገሺኝ።

በመጀመሪያ የምትፈልጊውን ልንገርሽ፤ አለበለዚያ ሌላውን እየዘለልሽ ወደ ታች ትሮጫለሽ። ድንቡሼ ደህና ናት። በልታ፣ ግማሹን ፀጉሯ ላይ ለቅልቃ፣ ታጥባ ተኝታለች። ጥርሷ እያሳከካት የሶፋውን ጫፍ ትግጥልኛለች። ወንበር ይዛ ትቆማለች፤ ቆማም እንደ ዳኛ ሁላችንንም ታየናለች። መራመድ አልጀመረችም። ስትጀምር ደግሞ አልነግርሽም፤ መጥተሽ እዪው።

እህትሽ ደውላልኝ ነበር። "እትዬ፣ አልመለስም እያለች ነው፤ ልጅቷ ከእኔ ርቃ ይሻላታል ትላለች" አለችኝ። እኔ መቼም ያንን ሰምቼ ምሳዬን አልበላሁም። አልቆጣሽም። ግን ልጄ፣ አንቺ የወሰንሽው ግማሹን አውቀሽ ነው። ሌላውን ግማሽ እኔም ያወቅሁት ባለፈው ሳምንት ነው። አማት ነሽና ለልጅሽ ታዳያለሽ በይኝ፤ ግድ የለም፣ አዳላለሁ። የምነግርሽ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ድንቡሼን ከሆስፒታል ይዛችሁ የመጣችሁ ቀን ትዝ ይልሻል? ሰው የሚያህል መስታወት ተሸክሞ በነፋስ መንገድ የሚያቋርጠው ባልሽ፣ ያቺን ጭብጥ የማታክል ነገር ይዞ ደጃፉን በእግሩ እየዳበሰ ሲገባ እኔ ከኋላው ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ሲሠራ የዋለበትን ልብስ ይዞ ቤት መግባት ተወ። ግቢ ውስጥ ያወልቃል፣ ያራግፋል፣ ፀጉሩን በብሩሽ ያበጥራል፤ የመስታወት ብናኝ ልጅቷ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። ጎረቤታችን ልብስ ተኳሹ በአጥር በኩል አንገቱን ብቅ አድርጎ "ሰውዬ፣ ሙሽራ ልትሆን ነው እንዴ?" ይለው ነበር። እሱ መች ይስቃል!

ያንን ከኪሱ የማይለየውን ትንሽ መስታወትም የሠራው በዚያው ሰሞን ነው። መዳፍ የማይሞላ፣ ጠርዙ ተሞርዶ ተሞርዶ እንደ ሳሙና የለሰለሰ። አለቃው "ለሚስትህ የከንፈር ቀለም መቀቢያ ነው?" ሲለው "አዎ" አለው አሉ። አንቺና እኔ ግን ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ድንቡሼ በተኛች ቁጥር አፍንጫዋ ስር ይይዘዋል። ጉም ሲለብስ እሱም ይተነፍሳል። ትንፋሿ ዘግየት ካለ ፊቱ አመድ ይመስላል።

ለምን እንደሆነ እናውቃለን አልኩ። የድንቡሼን ታላቅ፣ አንበሶን የቀበርን ሰዎች ነንና። ልቤ እየፈራ ነው ስሙን የጻፍኩት፤ ቤታችን ውስጥ ማንም አይጠራውም። ጥርስ እንኳ ሳያወጣ፣ ከአልጋሽ አጠገብ በራሱ አልጋ ላይ እንደተኛ አንድ ጠዋት ሳይነቃ የቀረ ልጅ ስሙ እንዴት ይጠራል? ሐኪሙ "የማንም ጥፋት አይደለም፤ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል፣ ምክንያቱን እኛም አናውቀውም" ሲል ሦስታችንም እዚያው ነበርን። ሦስታችንም አልሰማነውም መሰለኝ።

ድንቡሼ መዳህ የጀመረች ሰሞን ደግሞ ያ ነገር ሆነ። ጡት ጠብታ እቅፍሽ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። እሱ ከሥራ ገባ፣ እጁን ታጠበ፣ ያንን መስታወት ከኪሱ አወጣና እዚያው ጡትሽ ስር አስጠጋው።

"እቅፌ ላይ እያለች?" አልሽው።

እሱ ጉሙን አየ፣ ወደ ኪሱ መለሰው፣ ወጣ። እኔ ድስት እየጠራረግሁ ነበር፤ ድስቱን እንደያዝኩ ቀረሁ። በዚያው ሳምንት ሻንጣሽን ይዘሽ በር ላይ ቆምሽና "የሚፈራው ከእኔ ጋር ስትሆን ነው፣ እማማ። ከእኔ ከራቀች ትተርፋለች" አልሽኝ። ድንቡሼ የአንገት ልብስሽን ጨብጣ አልለቅም ብላ ጣቶቿን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅናቸው።

አሁን አስቢው እስቲ። አንቺን ጠርጥሮ ቢሆን፣ ከሄድሽ በኋላ መስታወቱ መሳቢያ ውስጥ አይገባም ነበር? ጭራሽ ባሰበት። እኔ እቅፍ ላይ ይይዘዋል። ራሱ ደረት ላይ ተኝታ እንኳ በአንድ እጁ ደግፎ በሌላው ይይዘዋል። ጠረጴዛው ግንባሯን እንዳይመታት ብሎ አራቱንም ማዕዘን በመጋዝ ቆረጠው፤ አሁን ጠረጴዛ ይሁን ትልቅ ሰሃን እንግዳ አይለየውም። ውሃ የሞላ ባልዲ መሬት ላይ አያስቀምጥም። ስታስል አብሯት ያስላል። ሰውየው ከሳ። እኔም እውነቱን ልንገርሽ፣ ፍርሃቱ ተጋባብኝ። ሱቅ ቁጭ ብዬ ቁልፍ ስሸጥ አንዷን ነጭ ቁልፍ መሬት ላይ ባየሁ ቁጥር ጉሮሮዋ ውስጥ ትታየኛለች።

ባለፈው ሐሙስ ነው። ሙቀቱ አናት ይበሳ ነበር። ለምሳ መጣ፤ ድንቡሼ ተኝታለች፤ እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት አማስላለሁ። ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ የማላውቀው ድምፅ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል።

"አልለበሰም! እማዬ፣ ጉም አልለበሰም!"

ስደርስ ልጅቷን አንስቶ ከበር ወጥቷል። አንድ እግሩ ጫማ የለውም። እኔም ማማሰያዬን እንደያዝኩ ከኋላው። ልጄ፣ እነዚህ እግሮች ደረጃ ለመውጣት እንኳ ይለግማሉ፤ የዚያን ቀን ግን ከየት እንደመጣ በማላውቀው ጉልበት ሮጥኩ። ጫማ ሰፊው ብድግ ብሎ "ምን ሆነች?" ይለኛል፤ በማማሰያዬ ወደ ፊት እያሳየሁት አለፍኩ። መድኃኒት ቤቷ ጋ ስንደርስ ድንቡሼ ትጮሃለች። ነቅታ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ፣ እሪ ትላለች። እሱ አይሰማም። "አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ተንፍሺ" እያለ ይሮጣል። አትሳቂብኝና፣ እኔም ጩኸቷን እየሰማሁ አላመንኩትም። ጆሮዬ የአንበሶን ዝምታ ነበር የሚጠብቀው።

ክሊኒኩ በር ላይ ያቺ ግዙፏ ነርስ ቆማለች።

"ምን ሆነች?"

"አትተነፍስም!"

"ማን ናት የማትተነፍሰው?"

"ልጄ!"

"ይቺ?" አለች። "ወንድሜ፣ ይቺ ልጅ ትንፋሽ ተርፏት ሰፈሩን አደነቆረችው እኮ!"

ተቀብላት ደረቷን አዳመጠች፣ ዓይኗን ገለጥ አደረገች፣ ለእኔ አቀበለችኝ። "ከሁላችንም ትሻላለች። አሁን አንተ ተቀመጥ፣ መልክህ ደስ አላለኝም።" ምን ነካህ ስትለው መስታወቱን አወጣና ሰጣት። እሷም መዳፏ ላይ አገላብጣ "ይሄ እኮ ትኩስ ነው" አለች።

ለካ ጠዋት መስኮቱ ላይ ረስቶት ሄዶ፣ ፀሐዩ ሲያግለው ነው የዋለው። የጋለ መስታወት ጉም እንደማይለብስ ለእኔ ያስተማረኝ ራሱ ነው፤ ልጅ ሆኖ ሥራ የጀመረ ጊዜ፣ አየሽ እማዬ እያለ የቀዘቀዘውንም የሞቀውንም እየተነፈሰበት። ዕድሜ ልኩን መስታወት የቆረጠ ሰው ያንን ረሳው።

"አውቃለሁ" አለ። "አውቀዋለሁ እኮ።" ከዚያ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ነርሷ ትታን ገባች። ድንቡሼ ማማሰያዬን ቀምታኝ የሽንኩርቱን ዘይት ትልሳለች። ያኔ ነው የነገረኝ።

"እማዬ፣ የዚያን ቀን ጠዋት መጨረሻ ያየሁት እኔ ነኝ።"

"አንበሶን?"

"ሥራ ልሄድ ስል በአልጋው በኩል አለፍኩ። እሷ ደክሟት ተኝታለች። ልነካው እጄን ሰደድኩ። እጄ ቀዝቃዛ ነበር። ልጁን ልቀሰቅሰው ነው፣ እሷንም ላስነሳት ነው አልኩና መለስኩት። ሄድኩ።" ጫማ የሌለውን እግሩን ወደ ውስጥ ሰበሰበ። "ብነካውስ ኖሮ?"

"ለእሷ ነግረሃታል?"

"ምን ብዬ? በምን ዓይኗ ታየኛለች?"

"እሷማ አንተ የምትጠረጥረው እሷን መስሏት ነው የሄደችው።"

ቀና ብሎ ሲያየኝ በጥፊ የመታሁት ነበር የሚመስለው። "እሷን? እሷን ለምን?"

"እቅፏ ላይ መስታወት ስትይዝባት ምን ትበል?"

"እሷን አልነበረም" አለኝ። "በአጠገቡ ያለፍኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ። ራሴን ነበር የምጠረጥረው።"

ይኸው። እኔ የማውቀውን አሁን አንቺም አወቅሽ። ወደ ቤት ስንመለስ "እንዳትነግሪያት" አለኝ። እሺ አልኩት። አማት ምስጢር አወጣች ቢባል ማን ይገረማል?

ሌላም ልጨምርልሽ። በማግስቱ ድንቡሼ ያንን የተቆረጠ ጠረጴዛ ይዛ ተነሳችና መስታወቱን አገኘችው። እሱ ከእኔ ጎን ተቀምጧል። ሊነጥቃት ነው ብዬ ነበር። አልነጠቃትም። ፊቷን አየች፣ ሳቀች፣ ላሰችው። እፍ እፍ ስትልበት ጉም ለበሰ፣ ጉሙን በጣቷ ዳሰሰችው፣ እንደገና እፍ። እሱ አገጩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያያታል። ከዚያ ወዲያ በመስታወት አያያትም። ስትተኛ እጁን ብብቱ ስር ከትቶ ያሞቃል፣ ከሞቀለት በኋላ ሆዷ ላይ ያሳርፈዋል። ፍርሃቱ ሄደ ብዬ አልዋሽሽም። ሲያሳርፈው ሆዷ ከፍ ዝቅ ሲል በከንፈሩ ይቆጥራል። እኔም ይህንን እየጻፍኩ ብድግ እያልኩ አያታለሁ፤ አሁን ራሱ አይቻት ነው የተቀመጥኩት።

መስታወቱን ከሶፋው ስር አገኘሁትና፣ ለአንቺ ልላከው ብዬ ትናንት በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ክር ሳጥኔ ውስጥ ደበቅሁት። ማንም አላየኝም ባይ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ብከፍት ጨርቁ ተነስቷል። አራቱም ጥግ በካርቶን ተሸፍኗል፣ በጋዜጣ ተጠቅልሏል፣ በሱቃቸው ሲባጎ መስቀለኛ ታስሯል። እነሱ ለሩቅ መንገድ የሚሄድ መስታወት የሚያስሩት እንደዚያ ነው። እሱ ምንም እንዳልሠራ ሰው ሻይውን ጠጣና "ዛሬ ሱቅ ትከፍቻለሽ?" አለኝ። "አልከፍትም፣ የምጽፈው ነገር አለኝ" አልኩት። "እሺ" ብሎ ወጣ። በሩ ጋ ደርሶ ተመለሰና፣ የሸሚዙን እጅጌ እያስተካከለ፣ ሳያየኝ፣ "ፖስታ ቤት በአስራ አንድ ሰዓት ነው የሚዘጋው" አለኝ።

ልጄ፣ እዚህ ቤት የምንፈራ ሰዎች ነን። ድንቡሼ ብቻ ናት የማትፈራው፤ እሷም ስላላወቀች ነው። አንቺ እዚያ ብቻሽን ከምትፈሪ እዚህ ሰብሰብ ብለን እንፍራ። በሚቀጥለው ሳምንት ዓመት ይሞላታል። ነይ ብዬ አላዝሽም፤ አልጋሽን ግን አንጥፌዋለሁ፣ አንሶላውንም ቀይሬዋለሁ።

ጡትሽን የያዘውን ኀዘን የሰጠ አምላክ እሱው ያንሳልሽ። እንቅልፍ ይስጥሽ፤ ስትነቂም የምታቅፊው አይጥፋ። እህትሽን ሳሚልኝ፤ ስለ ደወለችልኝ ባርኬያታለሁ።

የባልሽ እናት፣ የድንቡሼ አያት፣ እማማሽ

እንዳልረሳው፦ ጥቅሉን በጥጉ በኩል ገለጥ አድርጌ አየሁት። ባልሽ የጣት አሻራ ያለበት መስታወት ከሱቅ አያስወጣም፤ አለቃው ራሱ "አንተ ልጅ፣ መስታወቱን ጠርገህ ልትጨርሰው ነው" ይለዋል። ይሄን ግን ከነድንቡሼ አሻራ፣ ከነለሃጯ ነው ያሰረው። አንቺም እንዳትወለውይው።